የኡሉሪያቅ ሳል

ኡሉሪያቅ የሰፋችው ቦት ውሃ አያስገባም ነበር። በሩቅ ሰሜን፣ በበረዷማው ባሕር ዳር በተኮለኮለችው በዚያች መንደር ይህን የማያውቅ አዳኝ አይገኝም። ወንዶቹ ከበረዶው ላይ አድነው ያመጡላትን አቆስጣ የሚሉትን የባሕር እንስሳ ቆዳ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቢላዋዋ ትፍቀዋለች፣ ትወጥረዋለች፣ ለሶል የሚሆነውን በጥርሷ እያኘከች ታለሰልሰዋለች። ከዚያ በጅማት ክር ስትሰፋ መርፌዋን በቆዳው ውፍረት መሀል ብቻ ታሳልፋለች እንጂ ወዲያ ማዶ አታወጣትም። «ካልበሳሽው ውሃው በየት ይገባል?» ትላለች፣ ልጇን ጂላን ልታስተምር ስትሞክር። ጂላ ግን ትዕግሥት አልፈጠረባትም፤ ጥቂት ደህና ትሰፋና ትበሳዋለች።

ስድሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ጣቶቿ ከዷት። ጠዋት ስትነሳ አንጓዎቿ አብጠው፣ ቀልተውና ግለው ታገኛቸዋለች። የሻይ ኩባያ በሁለት መዳፏ ካልሆነ አታነሳም። የካፖርቷን ዚፕ የምትዘጋላት ጂላ ናት፤ ጂላ ወደ ሥራዋ ወደ መንደሯ ሱቅ ከሄደች ደግሞ የጂላ ልጅ ፓኒክፓክ ወንበር ላይ ወጥታ ትዘጋላታለች። አዳኞቹ አንድ ሁለት እያሉ ከሱቅ የጎማ ቦት መግዛት ጀመሩ። እሷም በመስኮት የሰው እግር ስታይ ትውላለች።

ፓኒክፓክ አምስት ዓመቷ ነው። ስሟ የኡሉሪያቅ እናት ስም ነበር። በዚያ አገር የሞተ ሰው ስም ለሚወለድ ልጅ ይሰጣል፤ ከስሙ ጋር ዝምድናውም አብሮ ይወረሳል። ስለዚህ ኡሉሪያቅ የልጅ ልጇን «እናቴ» እያለች በአክብሮት ነው የምታናግራት፤ ልጅቷም አያቷን «ልጄ» ትላለች። ማንም አይስቅም፤ ወጉ ነው።

«እናቴ፣ ምነው አልበሉም?»

«ዓሣው በረዶ ሆኗል፣ ልጄ።»

«ዓሣ በረዶ ሆኖ ነው እኮ የሚጣፍጠው። እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ?»

«እንግዲህ ስሞት ረስቼዋለሁ» አለች ልጅቷ፣ አፏንም ከፍታ እስክታጎርሳት ጠበቀች።

አልጋቸውም አንድ ነው። ጣቶቿ ሲጠዘጥዟት ልጅቷ በትናንሽ እጆቿ ይዛላት እንቅልፍ ይወስዳታል።

በዓመት አንዴ ሁለቴ ከደቡብ በአውሮፕላን የሚመጣ የመገጣጠሚያ ሐኪም አለ። በዚያ መከር ሲመጣ ኡሉሪያቅ ለጣቶቿ እብጠት የታዘዘላትንና ፊቷን ድቡልቡል ያደረገባትን ክኒን ስትውጥ ከርማ ነበር። ሐኪሙ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገ አየና ረጅም ነገር ተናገረ። ነርሷ ኖሪን ከጎኑ ቆማለች። የሚያስተረጉመው ሉካሲ ነው፤ የሟች ባሏ ወንድም ልጅ፣ ቀልድ ሳይጨምር አረፍተ ነገር መጨረስ የማይሆንለት ሰው።

«አክስቴ» አለ ሉካሲ፣ «ሐኪሙ የሚለው እንዲህ ነው። በሰውነትሽ ውስጥ ጠባቂዎች አሉ። ጠላት ሲያዩ የሚጠራሩባት አንዲት ትንሽ ፕሮቲን አለች። እኔ በራሴ መንገድ ልንገርሽ፤ የአጎቴን ውሾች ታስታውሻቸው የለ? አንዱ ሲያላዝን ሁሉም ተነስቶ አይደል መንደሩን የሚያናውጠው? ያቺ ፕሮቲን የውሻው ጩኸት ናት። ያንቺ ውሾች ደግሞ ጠላት ሳይኖር ያላዝናሉ። ተነስተው ሌላ የሚነክሱት ሲያጡ የገዛ ጣቶችሽን ይነክሳሉ።»

«ያጎትህ ውሾች እንኳን ጌታቸውን አይነክሱም ነበር» አለች።

«እነዚህ ያንቺ ናቸው፤ አንቺን መስለው ወጥተዋል።» ኖሪን ምን እንዳለ ሳይገባት ሳቀች። «አሁን የሚሰጥሽ መርፌ ጩኸቱን አየር ላይ ይቀልበዋል። ውሾቹ ስላልሰሙ ይተኛሉ። ጣትሽም ያርፋል።»

ሐኪሙ እንደገና ተናገረ፤ በደረቷ ፎቶ ላይ ወደሚታይ አንድ ነጭ ነጥብ በእስክሪብቶው እያመለከተ። ኡሉሪያቅ ጥያቄው ገና ከሐኪሙ አፍ ሲወጣ ገብቷት ነበር። ሉካሲ እስኪያስተረጉም ግን ጠበቀች።

«ከዚህ በፊት ሳንባ ነቀርሳ ይዞሽ ያውቃል? ቆዳሽ ላይ የተደረገው የነቀርሳ ምርመራ ንጹሕ ነው፤ ይቺ ጠባሳ ግን አለች ይላል።»

በዚያ አገር «አዎ» ለማለት ቅንድብን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ «አይደለም» ለማለት አፍንጫን መሸብሸብ። ኡሉሪያቅ አፍንጫዋን ሸበሸበች።

ይኸው ነው። ሉካሲ «የለም ትላለች፤ ምናልባት የድሮ የሳንባ ምች ይሆናል» አለ፤ ሐኪሙም ጻፈ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሰባት ዓመቷ ሳለ፣ ሌላ ሰፈር፣ ከዚህ ባሕር ማዶ፣ በበጋ በረዶው ሲለቅ ትልቅ መርከብ መጣች። ሰው ሁሉ በጀልባ እየተጋዘ መርከቧ ላይ ወጣና ደረቱ በማሽን ታየ። ንጹሕ የተባሉት ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ። ኡሉሪያቅ እጇ ላይ በቀለም ምልክት ተደረገባትና እዚያው ቀረች። ወርዳ ልሰናበት ማለት አልተፈቀደም። እናቷ ጀልባዋ ውስጥ ቆማ ወደ ላይ ስታይ፣ እሷ ከብረቱ አጥር በላይ ጭንቅላቷ አልደርስ ብሎ ስትንጠራራ መርከቧ ተነሳች። በደቡብ፣ ዛፍ በሞላበት አገር፣ በአንድ ትልቅ የነቀርሳ ሆስፒታል ስታድግ ነርሶቹ የሚናገሩትን ቋንቋ ለመደች፤ የራሷን ረሳች። ስትመለስ እናቷ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት፣ አነጋገረቻት፤ እሷ ግን መልስ አልነበራትም። እናትና ልጅ እየተጠቋቆሙ ከረሙ። ቋንቋው ተመልሶላት ሳይጠግቡ እናቷ ሞተች።

ባል አግብታ ወደዚች መንደር ስትመጣ «ደቡብ ትምህርት ቤት ነበርኩ» አለች። ለጂላም የነገረቻት ይህንኑ ነው። የደቡቡን ቋንቋ ደግሞ ከምላሷ ላይ አውርዳ ቀበረችው። የዚያ ዘመን የሆስፒታል ወረቀት ደግሞ የሰሜኑን ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥር ስለሚያውቀው ፈልጎ ያገኛት የለም።

መርፌው ተጀመረ። ኖሪን በየሁለት ሳምንቱ ሆዷ ላይ ትወጋታለች። ክረምቱ ሳይጠናቀቅ አንድ ጠዋት ኡሉሪያቅ ጣቶቿን አጥፋ ብትዘረጋቸው ታዘዙላት። አላመነችም። ኩባያውን በአንድ እጇ አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ደግማ አነሳች። ያን ቀን ከአልጋ ሥር የቆዳ ጥቅሏን አውጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ ከሥራዋም ቀና አላለችም።

ያ ክረምት የደስታ ክረምት ነበር። ለሉካሲ ቦት ሰፋችለት። ለኖሪን እንኳን፣ እግሯ ታንኳ የሚያህል ስለሆነ ሁለት ቆዳ እየፈጀባት፣ ሰፋችላት። ፓኒክፓክ ከጎኗ ቁጭ ብላ ቁራጭ ሶል ታኝካለች።

«ልጄ፣ ጥርሴ አለቀ!»

«ገና ሁለተኛ ጥርስዎት መች ወጣና ነው የሚያልቀው?»

በጸደይ፣ ፀሐይዋ መግባት ስትረሳ፣ ሳሉ መጣ።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው አለች። ቀጥሎ የቆዳው ፀጉር ጉሮሮዬን ቧጥጦኝ ነው አለች። ከሰዓት በኋላ ትኩስ ትኩስ ይላት ጀመር፤ ጠዋት ትራሷ ረጥቦ ታገኘዋለች። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች። በሆስፒታሉ ረጅም ክፍል ግራና ቀኝ የተኙት ልጆች እንዲህ ነበር የሚያደርጋቸው። ሳል ሲመጣባት ውሻ ላበላ ብላ ትወጣለች፤ የቤቱ ውሾች ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። ወጥታ ፊቷን ለነፋሱ ሰጥታ ትስላለች።

ለምን አልተናገረችም? ለራሷ የምትሰጠው መልስ መርከቧ ነበረች፤ አሁን አውሮፕላን ብትሆንም ያው ናት፣ ይወስዱኛል ትላለች። ከዚያ ሥር ግን ሌላ መልስ ነበር፤ እሱን እንኳን ለሰው ለራሷም ጮክ ብላ አትለውም። ከተናገረች መርፌው ይቀራል። መርፌው ከቀረ ጣቶቿ ይሄዳሉ። ገና ያላለቀ ቦት እጇ ላይ አለ። እሱን ልጨርስ ትላለች፤ ያ ሲያልቅ ሌላ ትጀምራለች።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ፓኒክፓክን ሳታያት፣ «እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ከጂላ ጋር ይተኙ» አለቻት።

ልጅቷ ማኘኳን አቆመች። «ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። አልጋው ጠበበኝ።»

«እኔ እኮ ትንሽ ነኝ።»

«እናት ትንሽ አይባልም።»

ጂላ ግራ ተጋብታ አየቻት። ፓኒክፓክ ለጥቂት ቀን አኩርፋ ከጂላ ጋር ተኛች። ከዚያ ጠዋት ኡሉሪያቅ ስትነቃ ልጅቷን እንደ ቡችላ ጀርባዋ ሥር ተወሽቃ ታገኛት ጀመር። እንድትሄድ መገፋት ነበረባት። አልገፋቻትም። ሙቀቷ ደስ ይላት ነበር።

በጋው ሲገባ ፓኒክፓክ ምግብ ቀነሰች። ከልጆች ጋር ኳስ ስትጫወት ቆማ ጉልበቷን ትይዛለች። ጂላ ጉንጯን ዳስሳ «ይቺ ልጅ ከስታለች» አለች። ከዚያ አንድ ቀን፣ ኡሉሪያቅ መርፌዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ከኋላዋ ልጅቷ ሳለች። ደረቅ ሳል። አንዴ፤ ከዚያ ደገመች።

የኡሉሪያቅ መርፌ ቆዳውን በስቶ ወዲያ ማዶ ወጣ። አልነቀለችውም። ቦቱን እንዳለ ወለሉ ላይ ጥላ፣ የፓኒክፓክን እጅ ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። መንገድ ላይ ልጅቷ «ልጄ፣ ቀስ በይ» ብላ ብትለምናትም አልሰማቻትም።

ኖሪን ሻይ ልትጠጣ እየተሰናዳች ነበር። ሉካሲ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ፣ «አክስቴ፣ ዛሬ የመርፌሽ ቀን አይደለም፤ ወይስ ናፍቄሽ ነው?» አለ።

ኡሉሪያቅ ወደ እሱ አልዞረችም። ኖሪንን እያየች፣ በደቡቡ ቋንቋ፣ በልጅ አነጋገር፣ «ሲስተር፣ ይቅርታ። እኔ መጥፎ ልጅ ሆኛለሁ» አለች።

ኖሪን ኩባያዋን አስቀመጠች።

«አክስቴ!» አለ ሉካሲ። «ይህን ሁሉ ዓመት ደመወዝ የበላሁት በነጻ ነው እንዴ?» ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ።

ተናገረች። ሌላ ቃል ስላልነበራት በልጅነቷ ባወቀቻቸው ቃላት ብቻ ተናገረች፦ መርከብ። ትልቅ ቤት። ደረት። ደም። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ዋሸሁ። አሁን እስላለሁ። እሷም ትስላለች። እየቆየች በእጇ ፓኒክፓክን ትጠቁማለች፤ ልጅቷ ግን ከዚያ ሁሉ አንድም ስላልገባት ኖሪን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የልብ ማዳመጫ ልታየው ትንጠራራለች።

ኖሪን ቀስ ብላ አፏን በጭንብል ሸፈነች፤ ለእነሱም ሰጠቻቸው፤ መስኮቱንም ከፈተች። ስትናገር ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ለኡሉሪያቅ ያ ይብስባት ነበር።

«የድሮው ነቀርሳ አልሞተም ነበር» አለች። «ሰውነትዎ ከቦ ይዞት ነበር የኖረው። ያቺ ጣትዎትን የምታሳምመው ፕሮቲን ናት ጠባቂዎቹን ዙሪያውን ያቆመቻቸው። መርፌው እሷን ሲቀልብ...» ቃል አጥታ ሉካሲን አየችው።

ሉካሲ በመንደሩ ቋንቋ፣ ያለ ቀልድ፣ «ውሾች ድብ ሲከቡ አይተሽ የለም፣ አክስቴ?» አላት። «እያላዘኑ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ ድቡም አይወጣም። ጩኸቱ ከቀረ ውሾቹ አንድ በአንድ ይተኛሉ። ድቡ ይነሳል።»

«ከኔ ወደ እሷ ሄደ?»

ሉካሲ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ሥጋ እያኘክሁ ስለማጎርሳት ነው?»

«በትንፋሽ ነው» አለች ኖሪን፣ ሉካሲ ጥያቄውን ሲያስተረጉምላት። «የቆዳ ምርመራዎትን ያን ጊዜ የሚውጡት ክኒን ሸፍኖት ይሆናል። ጠባሳውንም አይተን ነበር። እኛም...»

«እኔ ነኝ» አለች ኡሉሪያቅ። ያንን ለማንም ልታካፍል አልፈለገችም።

ጂላ ከሱቅ ስትመጣ የሱቁን ሰማያዊ ሽርጥ እንኳን አላወለቀችም። ሁሉንም ቆማ ሰማች። እናቷ ላይ ትጮኻለች ብሎ ሉካሲ በር ላይ ቆሞ ነበር። አልጮኸችም።

«አልጋ መለየቱን አውቀሽበታል» አለች። «አፍሽን መክፈቱ ነው ያቃተሽ።»

«ጂላ...»

«ቦት እየሰፋሽ ነበር፣ እማዬ! ለነርሷ ቦት!»

ኡሉሪያቅ ጣቶቿን አየች። ጂላ ካለችው የተሻለ እውነት አልነበረም።

ልጆች አክታ ማውጣት ስለማይችሉ ለፓኒክፓክ የሚደረገው ምርመራ በደቡብ ካለው ትልቅ ሆስፒታል ውጭ አይሆንም ተባለ። ጂላ አብራት ትሄዳለች። ኡሉሪያቅ ግን ትንፋሿ እስኪጸዳ ከቤት መውጣት፣ ሰውም መቅረብ አልተፈቀደላትም። አውሮፕላኑ በመጣበት ቀን ጂላ ሻንጣዎቹን በር ላይ ደርድራ ወጣች፤ እናቷንም አላየቻትም። ፓኒክፓክ በመስኮቱ በኩል ከውጭ ቆመች። ጭንብሏ ግማሽ ፊቷን ውጦታል።

ኡሉሪያቅ መስኮቱን በትንሹ ከፈተችና ራቅ ብላ ቆመች። «እናቴ፣ ይስሙኝ። የሚሄዱበት ቤት ትልቅ ነው። ምግቡ ለስላሳ ነው፤ ይብሉት። ጂላ ከጎንዎት አትለይም። ሲሻልዎት ይመልሱዎታል። እዚያ ያለው ሰው በሌላ ቋንቋ ያናግርዎታል፤ ይመልሱለት፤ ከጂላ ጋር ግን በራሳችን ብቻ ይናገሩ። ሰምተውኛል?»

«ቋንቋ እረሳለሁ እንዴ እኔ?»

«አይረሱም።»

«አንቺ ግን ብቻሽን ምን ትበያለሽ?»

«ያለኝን።»

«ዓሣ ብይ» ብላ አዘዘቻትና ወደ ጂላ ሮጠች። ሩጫዋ መሀል ላይ ቆመችና ሳለች። ኡሉሪያቅ ያንን ከመስኮቱ አየች፤ አውሮፕላኑ ከሄደም በኋላ ሌላ ነገር አላየችም።

መርፌው ቆመ። የነቀርሳው ክኒን በየቀኑ ይመጣላታል፤ ሉካሲ በር ላይ ቆሞ ስትውጥ ያያል። ሳምንታት ሲያልፉ ሳሏ ቀለለ፤ ጣቶቿ ደግሞ እንደ ድሮው ማበጥ ጀመሩ። ጩኸቱ ተመልሶ ነበር፤ ውሾቹ ድቡን እየከበቡ፣ አልፈው ተርፈው እሷንም ይነክሳሉ። ሕመሙ ሲመጣ አንድ ዓይነት ዕረፍት ተሰማት። ይገባኛል አለች። የሕመም ማስታገሻውን አልወስድም አለች። ሉካሲ ቢለምናትም አፍንጫዋን ሸበሸበች።

ጂላ በስልክ የምትናገረው ለሉካሲ ነው። የፓኒክፓክ ሳንባ ሥር ያሉ እጢዎች አብጠዋል፤ በጊዜ ተገኝቷል፣ በክኒን ይድናል ተባለ። አንድ ቀን ስልኩ ወደ ኡሉሪያቅ ጆሮ ሲመጣ የልጅቷ ድምፅ ነበር። «ልጄ! እዚህ ዓሣውን ይቀቅሉታል! አበላሽተውት!»

ኡሉሪያቅ ስልኩን በሁለት መዳፏ ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥባት ስልኩን ለሉካሲ መለሰችለት።

በረዶ ሲጀምር ተመለሱ። ፓኒክፓክ ወፍራለች። የቀረውን ክኒን እዚሁ ትውጣለች። ጂላ ለእናቷ የምታወራው አስፈላጊውን ብቻ ነው፦ ሻይ አለ፣ በሩን ዝጊ፣ ኖሪን መጥታለች። ሁለቱ አልጋዎችም እንደተለያዩ ቀሩ።

ኖሪን የመጣችው ከሐኪሙ መልእክት ይዛ ነበር። የነቀርሳው ሕክምና ሲጠናከር ለጣቶቿ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ሊሞከር ይችላል፤ በጥንቃቄ፣ ነቀርሳውን እየተከታተሉ። ትፈልጋለች ወይ?

«አልፈልግም» አለች ኡሉሪያቅ። በዚያኛው ቋንቋ ነበር ያለችው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ቀብራው አታውቅም።

ኖሪን ስትወጣ ጂላ ከምድጃው ዞረች። «ለምን?»

«በእኔ የመጣ ነው። ልሸከመው።»

«እና አንቺ ስታቃስቺ እኔ ምን አተርፋለሁ?» ድምፅዋ ከዚያ በጋ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ልጄ ላይ የሆነው ያንቺ ጣት በማበጡ ይመለሳል? ዚፕሽን የምዘጋው እኔ ነኝ። ስታቃስቺ የምሰማው እኔ ነኝ። ቅጣት ከፈለግሽ ሌላ ፈልጊ፤ እኔን አብረሽ አትቅጪኝ!»

«ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው?»

«አላልኩም» አለች ጂላ። «ገና ነኝ። አሁንም ስታስነጥሺ ደሜ ይፈላል።»

ኡሉሪያቅ አንገቷን ደፋች። ከፊቷ የክኒኑ ጠርሙስ አለ። ክዳኑን ልትከፍት ሞከረች፤ ጣቶቿ አልታጠፉም። ዳግም ሞከረች። ጂላ አየቻት። ከዚያ መጥታ ጠርሙሱን ከእጇ ወሰደች፣ ከፈተች፣ ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ቆጥራ አደረገችላት፤ ከማስታገሻውም አንድ ጨመረችበት። ኡሉሪያቅ ማስታገሻውን ለይታ ልትመልስ ስትል ጂላ መዳፏን በመዳፏ ሸፍና ዘጋችው።

«ሁሉንም» አለች።

እስክትውጥ ድረስ ቆማ አየቻት። ከዚያ የሱቁን ሽርጥ አጥልቃ ወደ ሥራዋ ሄደች።